መላእክቱ አይገላግሉሽ

በሱሉልታ አልፎ ወደ ጎጃም የሚወጣው መንገድ ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ ደብረ ሊባኖስ ይደርሳል። የዚያ ገዳም እጨጌ የነበሩት ዕንባቆም፣ ከየመን የመጡ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1553 «በርለዓም ወየዋስፍ»ን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። የታሪኩ ሥር ሲፈለግ የቡድሃ ሕይወት ሆኖ ይገኛል። ከሕንድ ተነሥቶ ቋንቋም ሃይማኖትም እየለወጠ ሲዞር ኖሮ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ቤተ መንግሥቱን ትቶ የመነነ የክርስቲያን ልዑል ታሪክ ሆነ።

ይህን የሚያወሩት ሱሉልታ የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። ቅኔ ቤት ቆይተው፣ ኋላም አማርኛ ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ስለሆኑ ሰፈሩ «የኔታ» ይላቸዋል። የምትሰማቸው ከቡራዩ የመጣች የፊዚክስ መምህርት ናት፤ በቦርሳዋ የልብ ወለድ ረቂቅ ይዛለች። እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ እሷ ጴንጤ። ልዩነቱ ሁለቱንም ያሳሰባቸው አይመስልም፤ የእሷ ጭንቀት ሌላ ነው።

«የኔታ፣ የሌለ ዓለም፣ የሌለ ፍጡር ብጽፍ ኃጢአት አይሆንብኝም? አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ እግዚአብሔር ያልፈጠረውን መፍጠር ድፍረት ነው ብለውኛል።»

«ነቢዩ ናታን ዳዊት ፊት ቆሞ ስለ ድኻው ሰውዬ በግ ሲናገር፣ በጓ ነበረች?»

«አልነበረችም፤ ምሳሌ ነው።»

«ዳዊት ግን ተቆጣ፤ ፍርድም ሰጠ። መሳፍንት ምዕራፍ 9 ላይ ደግሞ ኢዮአታም ዛፎች ንጉሥ ሊቀቡ ወጥተው ሲነጋገሩ ያወራል። በመጨረሻ የሚነግሠው እሾኹ ነው። ዛፍ የሚናገርበት ታሪክ መጽሐፍ ቅዱስሽ ውስጥ እያለ ስለ ሮቦት ፈቃድ ልትጠይቂኝ ከቡራዩ ድረስ መጣሽ?»

ልጅቷ ሳቀች። እሳቸውም ቀጠሉ። የ«ቀለበቶቹ ጌታ» ደራሲ ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1939 ስለ ተረት ባቀረበው ንግግር፣ ሰው የሚፈጥረው ራሱ በፈጣሪ አምሳል ስለተፈጠረ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል፤ የሰው ፈጠራ ከዋናው ሥር የሚተዳደር ሁለተኛ ፈጠራ ነው። ካቶሊክ ነበር፤ ሐሳቡን ግን ከኢየሩሳሌም እስከ ሰበታ ያለ ክርስቲያን ሁሉ ሊቀበለው ይችላል። «ስለዚህ ፈቃዱ አለሽ» አሉ። «የሚከብደው ከፈቃዱ በኋላ ያለው ነው።»

የሚከብደውን ሲያስረዱ ድምፃቸው ጠነከረ። አንድ የእንግሊዝ ደራሲ ጠንቋይ ሲጽፍ ለአንባቢው ጠንቋዩ ከሞተ ቆይቷል፤ የልጆች መጫወቻ ሆኗል። «እዚህ ግን ጠንቋይ በሞባይል ቀጠሮ ይሰጣል። አንባቢሽ ወይ አንገቱ ላይ ክታብ ያሰረ ነው፣ ወይ ደግሞ ፓስተሩ ፊት ክታቡን ያቃጠለ ነው። ሁለቱም አስማትን እንደ ጨዋታ አያነቡልሽም።»

ይህ አስተያየት ለአማርኛ ደራሲ ከማንኛውም የአጻጻፍ መመሪያ ይልቅ ይጠቅማል። እኛ ዘንድ ተአምር እንግዳ ስላልሆነ፣ ደራሲው የፈጠረውን አንባቢው እንደ እውነት ተቀብሎት ሊሄድ ይችላል። አዛውንቱ ከዚህ ተነሥተው ሁለት ነገር ከለከሏት። የጥንቆላን አሠራር እንደ ወጥ አሠራር ዘርዝራ እንዳትጽፍ፣ እንዲሁም በነበረ ቅዱስ ወይም ባለ ገዳም ስም ያልተደረገ ተአምር እንዳትፈጥር።

«ያንን ካደረግሽ ልብ ወለድ መጻፉ ቀርቶ ሐሰተኛ ገድል ጻፍሽ ማለት ነው።»

የልጅቷ ረቂቅ ሁለተኛውን ስሕተት ሠርቷል። ዋናዋ ባለታሪክ የሰበታ ጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል መነኩሲት ናት፤ በ2092 ዓ.ም. ሱሉልታ ላይ ያለ የሳተላይት ጣቢያ ከሰማይ የማይታወቅ ድምፅ ይይዛል፣ ትርጉሙን የምታውቀው መነኩሲቷ ብቻ ናት። አዛውንቱ ከተማዋን ትተው የገዳሙን ስም አስለወጡ። «ሰበታ ትሁን። ቤተ ደናግሉ ግን ዛሬ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው፤ እነሱ ሳይጠየቁ የአንቺ ባለታሪክ አይሁኑ። የራስሽን ገዳም ትከዪ።»

ከዚያ ወደ ሳይንሱ ሄዱ። «ይቺ ሳተላይትሽ ሌሊቱን ሙሉ ሱሉልታ ላይ ቆማ ታድራለች ወይ?»

ልጅቷ አፈረች። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያመጠቀቻትን፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነውን የመጀመሪያ ሳተላይት ጠቅሳ አስረዳች። እንዲህ ያለች የምድር መቃኛ ሳተላይት ዝቅ ባለ ምሕዋር ስለምትበር መሬትን አንድ ጊዜ ለመዞር መቶ ደቂቃ እንኳ አይፈጅባትም። ከአንድ ጣቢያ በላይ ከአድማስ እስከ አድማስ የምትታየውም ዐሥር ደቂቃ ያህል ነው። ቆማ የምታድረው ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው የመገናኛ ሳተላይት ናት።

«ታዲያ የአንቺዋ የትኛዋ ናት?»

«ዝቅ ያለችዋ። ለትዕይንቱ ብዬ ነው ያቆምኳት።»

«ዐሥሩ ደቂቃ ራሱ ትዕይንት ነው እኮ! መነኩሲቷ መልእክቱን ሰምታ ለመወሰን ዐሥር ደቂቃ ብቻ አላት፤ ካለፈ መቶ ደቂቃ ትጠብቃለች፤ ተመልሳ ስትመጣም በሌላ በኩል ልታልፍ ትችላለች። ይህን ያህል ጭንቀት በነፃ ተሰጥቶሽ ጣልሽው።»

ሕግ ያለው ዓለም መፍጠር ማለት ይህ ነው። አዛውንቱ ለዚህ ማስረጃ ያመጡት ከአሜሪካ ልብ ወለድ ሳይሆን ከመጽሐፈ ሄኖክ ነው። ሙሉ ጽሑፉ ለዓለም የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ይዞ እስኪመለስ ድረስ የምዕራቡ ሊቃውንት ቁርጥራጩን እንጂ ሙሉውን አያውቁትም ነበር። በሄኖክ ፀሐይ በምሥራቅ ስድስት በምዕራብ ስድስት ደጆች አሏት፤ ቀንና ሌሊት በ18 ክፍል ተከፍለው፣ ፀሐይ ደጅ በለወጠች ቁጥር አንዱ ይረዝማል ሌላው ያጥራል።

ልጅቷ መጽሐፉን ከፍታ ቁጥሩን አሰላች። «የኔታ፣ እዚህ ረጅሙ ቀን የሌሊቱ እጥፍ ነው። ሱሉልታ ላይ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም።»

«አይሞላም። ግን በራሱ ቁጥር ተሳስቶ አገኘሽው?»

«አይ፤ በራሱ ቁጥር ልክ ነው።»

«እንግዲህ ያንቺም ዓለም እንደዚያ ይሁን።»

ሄኖክ በጴንጤዎች ቀኖና የለም። ልጅቷ ይህንኑ አነሣች፤ እሳቸውም የይሁዳ መልእክት ሄኖክን እንደሚጠቅስ አስታውሰው አለፉ። ሊያሳዩዋት የፈለጉት ሌላ ነበር። በረቂቁ ዘጠነኛ ምዕራፍ ጠላት ጣቢያውን ሲከብብ መላእክት ወርደው ሁሉንም ይበትናሉ፤ ታሪኩም ያልቃል። «ሄኖክ ውስጥ ግን ሁለት መቶ መላእክት አርሞንዔም ተራራ ላይ ሲወርዱ ነው መከራው የሚጀምረው» አሉ። ሴቶችን አገቡ፣ ግዙፋን ተወለዱ። አዛዝኤል ለሰው ሰይፍና ጋሻ መሥራት፣ ማዕድን ማቅለጥ፣ ዐይን መኳል አስተማረ፤ ሌሎቹ ከዋክብት መቁጠርና ሥር መቁረጥ። ያልበሰለ ሰው ከሰማይ ዕውቀት ቢወርድለት ምን ይሆናል? የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲዎች እስከ ዛሬ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ ግእዙ ቀድሟቸዋል።

«ስለዚህ መላእክቱ አይገላግሉሽ» አሏት። «ካወረድሻቸው ችግር ይዘው ይውረዱ።»

«ታዲያ ክርስቲያናዊ የሚያደርገው ምኑ ነው? ጸሎት ካልሠራ፣ ተአምር ካልመጣ?»

የበላዔ ሰብእን ታሪክ ነገሯት። ሰባ ስምንት ሰው የበላ ሰው፣ በማርያም ስም ለለመነው ለምጻም አንድ እፍኝ ውኃ ይሰጣል፤ በፍርድ ቀን ያቺ እፍኝ ውኃ ትመዝናለች። ልጅቷ እንዲህ ባለው ነገር እንደማታምን በግልጽ ነገረቻቸው። አልተቆጡም። «አትመኚ። አሠራሩን ግን ተመልከቺ። ተአምሩ የሚንጠለጠለው በሰውየው እጅ ላይ ነው። ውኃውን የሰጠው ማንም ሳያስገድደው ነው። አንቺ ግን ለመነኩሲትሽ ምንም የምትሰጠው ነገር አልተውሽላትም።»

የታተሙ ደራሲዎች ይህን እንዴት ተወጡት? አዛውንቱ ከውጭ የጀመሩት ከቶልኪን ነው። በሥራው ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ካህንም የለም፤ ክፉው ቀለበት የሚጠፋበትን ቀን ግን ማርች 25 አደረገው። ያ የምዕራባውያን የብሥራት ቀን ነው፤ በአሮጌው አቆጣጠር ሲመለስ የእኛው መጋቢት 29፣ በዓለ ጽንሰት። «አየሽ? ሃይማኖቱን ቀን መቁጠሪያ ውስጥ ቀበረው። የሚያውቅ ያገኘዋል፤ የማያውቅም ታሪኩ አይጎድልበትም።» የናርኒያ ደራሲ ሲ ኤስ ሉዊስ ደግሞ ይበልጥ ገለጠው። እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው ልብ ወለድ ማርስ ላይ ያልወደቁ ፍጡራን አስቀመጠ፤ በ1943ቱ ደግሞ ቬኑስ ላይ ገና ያልተሳሳተች ሔዋን። ሌላ ዓለም ላይ ነፍስ ያለው ፍጡር ቢኖር የአዳም ኃጢአት ይደርሰዋል ወይ? ይህን የሥነ መለኮት ጥያቄ ወስዶ ጀብዱ አደረገው። አሜሪካዊቷ ማደሊን ሌንግል እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመችው የልጆች ልብ ወለድም ጊዜና ቦታን የሚያጥፍ ጉዞ ነው፤ ትልቅ ሽልማት ቢያገኝም ካወገዙት መካከል ክርስቲያኖች ይበዛሉ። «ስለዚህ የሽማግሌሽ ተግሣጽ አንቺ ላይ አልጀመረም» ሲሉ ጨመሩ።

ወደ ቤታችን ሲመለሱ በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ የታተመው «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው፣ አረማዊው ንጉሥ በመጨረሻ ክርስትና ሲነሣ ያበቃል። አዛውንቱ አማርኛውን ያደንቃሉ፤ ፍጻሜውን ግን «በፍቅር የተጠመቀ ንጉሥ» ብለው ያሽሟጥጡታል። በ1915 ዓ.ም. የታተመውን የኅሩይ ወልደ ሥላሴን «ወዳጄ ልቤ» ይበልጥ ይወዱታል፤ የጆን ቡንያንን መንገደኛ ያስታውሳል፣ ትግሉም ከራስ ልብ ጋር ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ ናሳንና የጣናን ገዳማት በአንድ ታሪክ አገናኘ። የአማርኛ አንባቢ መነኩሴና መሐንዲስ ጎን ለጎን ቢያገኝ ምንም እንደማይከፋው ያ መጽሐፍ አስመስክሯል። እሳቸው የሚያጉረመርሙት በአንድ ነገር ነው፦ ገዳሙ የአገር ምሥጢር ማከማቻ ሲሆን የመነኩሴው ነፍስ ትረሳለች ይላሉ። ይህ ፍርድ ትንሽ ይከብዳል፤ መጽሐፉ የተነሣው ለአገር ቁጭት ነውና ባልገባው ውል መጠየቁ ፍትሕ አይመስልም።

«እኔ እንግዲህ ከየት ልጀምር?» አለች ልጅቷ።

እሳቸው የቆጠሩላት ዝርዝር ረጅም ነው። ዞሲማስ የደረሰባት የብሔረ ብፁዓን ምድር፣ ከእኛ ተለይተው የሚኖሩ ጻድቃን አገር። ኢዮር፣ ራማና ኤረር የተባሉት የመላእክት ዓለማት። ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረውን የመቄዶንያ ንጉሥ ጸሎተኛ ክርስቲያን አድርጎ ወደ ጨለማ ምድር የሚያዘምተው የግእዙ ዜና እስክንድር። «ይህን የጻፉ አባቶች ምናብ ኃጢአት ነው ብለው ቢፈሩ ኖሮ ቤተ መጻሕፍታችን ባዶ ነበር።»

«ግን እነሱ እንደ እውነት ነው የጻፉት።»

«አንቺ ልብ ወለድ ብለሽ ሽፋኑ ላይ ጻፊ። ልዩነታችሁ ያ ነው።»

ስለ ስብከት የተናገሩት አጭር ነበር። ባለታሪክ ከሦስት መስመር በላይ ከሰበከ አንባቢው ገጹን ይገለብጣል፤ ጥሩ ሰባኪ የሚፈልግ እሑድ አለለት። ከሓዲው ገጸ ባሕርይም የሞኝ ክርክር አይሰጠው፤ ደራሲዋ ራሷ ሌሊት የምትፈራውን ጥያቄ ይጠይቅ።

በመጨረሻ ረቂቁን መለሱላት። ፍርዳቸው በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ተጽፏል፦ ዘጠነኛው ምዕራፍ ይውጣ፤ ዐሥሩ ደቂቃ ወደ አራተኛው ይግባ፤ መነኩሲቷ የሰማችውን አንድ ጊዜ በስሕተት ትተርጉም፣ ለስሕተቷም ሰው ይጎዳ። መጽሐፈ ሄኖክ በባለ 81 መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በአማርኛ አለ፤ የሳይንስ ልብ ወለድ ሊጀምር ያሰበ ክርስቲያን ሁሉ፣ የየትኛውም ቤተ ክርስቲያን አባል ቢሆን፣ ከናርኒያ በፊት እሱን ያንብብ።