ተፈጥሮ ወይስ ማኅበራዊ? ከሲሪንቃ ማሳ የተነሣ ጥያቄ

በመርሳም ሆነ በወልድያ 10ኛ ክፍልን ያጠናቀቀ ተማሪ 11ኛ ክፍል ሲገባ የተፈጥሮ ሳይንስን ወይም የማኅበራዊ ሳይንስን እንዲመርጥ ይጠየቃል። መልሱን ብዙ ጊዜ የሚሰጡለት ግን ጓደኛ፣ ወላጅ፣ አለዚያም «ጎበዝ ተፈጥሮ ይገባል» የሚለው የቆየ ወሬ ናቸው።

ለመሆኑ የሁለቱ ድንበር የት ላይ ነው? የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ከሚመራመርባቸው ሰብሎች አንዱ ማሽላ ነው፤ የማሽላ ቀንደኛ ጠላት ደግሞ አቀንጭራ። እንደ አቧራ የደቀቀው የአቀንጭራ ዘር በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ስትሪጎላክቶን የተባለ ኬሚካል ሲደርሰው ይበቅልና ሥሩ ላይ ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጥጣል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማበልጸጋቸው ነበር።

እስከዚህ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ነው። ፊዚክስስ? ማሽላውና አፈሩ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ቢያተኑ፣ ከአንድ ሄክታር 50,000 ሊትር ወደ አየር ወጣ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ለማትነን 2.45 ሚሊዮን ጁል ያህል ስለሚጠይቅ፣ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ለዚህ ሥራ ብቻ 12 ሚሊዮን ጁል ገደማ ያስፈልገዋል። አዲሱ ዝርያ የበለጠ ምርት የሰጠው በአጋጣሚ አለመሆኑን የሚለየው ደግሞ ስታቲስቲክስ ነው። ይሁንና እህሉ ለእንጀራ፣ አገዳው ለከብት ካልተስማማው ገበሬው አይዘራውም፤ ይህም የኢኮኖሚክስና የጂኦግራፊ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ሒሳብን ሽሽት ማኅበራዊን የሚመርጥ ተማሪ እዚያም ያገኘዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኢኮኖሚክስ ቢያጠና ካልኩለስ ይጠብቀዋል። በአንጻሩ ሕክምና ወይም ምሕንድስና የሚሻ ተማሪ የተፈጥሮ ሳይንስን መምረጥ ግድ ይለዋል። በ2000 ዓ.ም የመጣው የ70 በ30 ምደባ ብዙዎችን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ መርቷል፤ «ፊዚክስን አልመረጥኩም፣ ደረሰኝ» ያሉኝ ተማሪዎችም ጥቂት አይደሉም። የ10ኛ ክፍል ውጤት ብቻውንም አያስተማምንም። ቤተ ሙከራ በሌለበት የተማረ ልጅ ፊዚክስን የጠላ ይመስለዋል እንጂ ገና አላየውም።

ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ሰፊ ጣሳ ውኃ ሞልታችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጡ፤ ለሳምንት ያህልም በየቀኑ ስንት ሚሊ ሜትር እንደጎደለ በማስመሪያ ለኩ። ነፋሻ በሆነው ቀን ለምን ይበልጥ እንደጎደለ ነው እንቅልፍ የሚነሣችሁ? ወይስ ምንጩ የደረቀበት ቀበሌ ውኃውን እንዴት እንደሚከፋፈል?