ማንም የማያየው ቴሌቪዥን

ቁጭ ብለሽ አድምጪኝ አልልሽም። ሽንኩርቱ እንዳያርብሽ እያማሰልሽ ስሚኝ፤ እኔ እዚሁ አጠገብሽ ቆሜ ነጭ ሽንኩርቱን ልላጥልሽ።

ከመጣሁ ሁለት ሰዓት ሊሞላኝ ነው። ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ስገባ ይጮህ ነበር፤ አሁንም እየጮኸ ነው። መጀመሪያ ወደ አማርኛ የተመለሰ ድራማ ነበር፤ ቀጥሎ የዘይትና የሳሙና ማስታወቂያ መጣ፤ አሁን ደግሞ ሦስት ሰዎች ስለ እንግሊዝ ኳስ ይከራከራሉ። ማን ነው የሚያየው? አንቺ እዚህ ምድጃው ላይ ነሽ። ሠራተኛሽ በረንዳ ላይ ልብስ ታሰጣለች። እማዬ ሶፋው ጥግ ዳዊቷን ይዛ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ማሙሽ ምንጣፉ ላይ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ በወተት ጣሳ ይጫወታል።

«ካላየው ታዲያ ምን ይጎዳዋል?» ልትዪኝ ነው፤ አውቃለሁ። ቅድም አንቺ ጀበናውን ስትጥጂ ቁጭ ብዬ ልጁን ሳየው ነበር። የጣሳውን ክዳን አንስቶ ሊገጥም ሞከረ፤ እምቢ አለው። አዙሮ ሞከረ። ሊገጥምለት ትንሽ ሲቀረው ማስታወቂያው በሙዚቃ ጮኾ ገባ። ቀና ብሎ አየ፤ ሁለት ሴኮንድ ቢሆን ነው። ሲመለስ ግን ወደ ክዳኑ አልተመለሰም፤ ማንኪያ አነሳ። ማንኪያውን መሬት ላይ መታ መታ ሲያደርግ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰዎች ሳቁ፤ እንደገና ቀና አለ፤ ማንኪያውንም ተወው። ክዳኑ እስካሁን ሶፋው ሥር ወድቋል።

ለእኛ ይህ ምንም አይደለም። ለአንድ ዓመት ከሁለት ወር ልጅ ግን ሥራው ይኸው ነው፤ መሞከር፣ መሳት፣ እንደገና መሞከር። የሚማረው ሳይሳካለት ቀርቶ እንደገና ሲሞክር ነው፤ ቴሌቪዥኑ የሚያቋርጥበትም ያንኑ ነው። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። በፈረንጆቹ 2008 የአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሆናቸውን 50 ሕፃናት መጫወቻ ሰጥተው ተመለከቷቸው። ግማሹን ሰዓት ለአዋቂ የሚሆን የጥያቄና መልስ ውድድር በቴሌቪዥን ተከፈተ፤ ግማሹን ሰዓት ተዘጋ። ልጆቹ ውድድሩን አይረዱትም፤ ያዩትም አልፎ አልፎ፣ በአንድ ጊዜ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። ሆኖም ቴሌቪዥኑ ክፍት ሲሆን ጨዋታቸው ቶሎ ቶሎ ይቆራረጥ ነበር፤ በአንድ ነገር ላይ ልባቸውን የሚጥሉበትም ጊዜ ያጥር ነበር።

እኔና አንቺ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት እናውቅበታለን። ታክሲ ውስጥ ሙዚቃው፣ ረዳቱ፣ ጥሩምባው እያለ ስልክ እናወራለን። ጆሯችን የሚፈልገውን ይዞ ሌላውን ይጥላል። ሕፃን ልጅ ይህን ገና አልለመደም። በጫጫታ መካከል የሰው ንግግር ለይቶ ለመስማት ከእኛ የበለጠ ጸጥታ ያስፈልገዋል። እኛ ብዙ ቃል ስለምናውቅ ግማሹን ሰምተን ግማሹን እንሞላዋለን፤ እሱ በምን ይሙላው?

ዋናው ነገር ግን ጆሮው አይደለም። የአንቺ አፍ ነው።

ቅር እንዳይልሽ። በፈረንጆቹ 2009 ሲያትል ከተማ ያሉ የሕፃናት ሐኪሞች ያወጡት ጥናት አለ። ከሁለት ወር እስከ አራት ዓመት የሆናቸው 329 ልጆች ትንሽ መቅጃ እየለበሱ ዋሉ፤ ቤት ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ሁሉ ተቆጠረ። ቴሌቪዥን በሚሰማበት በእያንዳንዱ ሰዓት ልጁ ከአዋቂ አፍ የሚሰማው ቃል በ770 ያህል አንሶ ተገኘ። ልጁም ራሱ የሚያወጣው ድምፅ ቀነሰ፤ እሱ ሲል አዋቂው፣ አዋቂው ሲል እሱ የሚባባሉትም ቀነሰ። እናቶቹ ልጆቻቸውን ሳይወዱ ቀርተው አይደለም። በተከፈተ ቴሌቪዥን ፊት የሰው አፍ ሳያውቀው ይዘጋል። ቅድም ማሙሽ «ባ!» ብሎ ክዳኑን ወደ አንቺ ሲዘረጋ አየሽው? ዓይንሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር። «እሺ የኔ ጌታ» አልሽው፤ ግን የትኛውን ነው እሺ ያልሽው?

ሌላው ይቅርና፣ ያቺን መብራት የጠፋባትን ማታ አስታውሺ። ባለፈው ወር እዚህ ያደርኩ ለት። መጀመሪያ ሁላችንም አጉረመረምን፤ አንቺ ፍሪጅ ውስጥ ስላለው ሥጋ፣ ባልሽ ስላመለጠው ኳስ። ከዚያ ሻማ በራ። ማሙሽ ጭንሽ ላይ ሆኖ ወደ ሻማው ጣቱን ቀሰረ። «ሻማ ነው» አልሽው፤ «ያቃጥላል፣ እሳት ነው፣ እፍ እንበለው?» እፍ አለ፤ ሳይጠፋ ቀረ። ሳቅን። ስንስቅ አይቶ ደገመው። ስንት ጊዜ እንደደገመው እኔ እንጃ። ከዚያ እማዬ «እንቆቅልሽ» ብላ ጀመረች፤ ባልሽ መመለስ አቅቶት አገር ስጠኝ ተብሎ ጎጃምን ሲሰጣት አስታውሳለሁ። ቀጥላ ስለ አባቷና ስለ በቅሎዋ ልታወራን ያዘች። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቀው ታሪክ ነበር። በቅሎዋ ወንዙ ጋ ደርሳ አልሻገርም ስትል መብራት መጣ። ቴሌቪዥኑም ከነድምፁ በራ። ሁላችንም ወደዚያ ዞርን። ማንም ዝጉት አላለም፤ እኔም አላልኩም። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ዝም አለች። በቅሎዋ ወንዙን ትሻገር፣ ትመለስ፣ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

እማዬ ዝም የምትለው ወሬ አጥታ እንዳይመስልሽ። በዕድሜ የገፋ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስቸግረው በጫጫታ መካከል ንግግር መለየት ነው። ብቻዋን ስታናግሪያት በደንብ ትሰማሻለች። ሳሎን ስትገባ ግን «እ?» ትላለች፤ ሁለቴ «እ?» ካለች በኋላ ሦስተኛውን ታፍራለች፤ ዝም ብላ አንገቷን ትነቀንቃለች። አንቺ «እማዬ መርሳት ጀመረች» ብለሽኝ ነበር በስልክ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ዝጊና ጠይቂያት።

ደግሞ ድምፅሽ። እዚህ ቤት ሁሉም ሰው የተቆጣ ይመስላል። ሰው በጫጫታ ውስጥ ሲናገር ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ይህን አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም፣ ኤትየን ሎምባርድ፣ በ1911 እ.ኤ.አ. ጽፎበት በስሙ ተጠርቶለታል። ሠራተኛሽን «ውሃ አምጪ» ስትያት የምትሰማው ቁጣ ነው። ማታ ሲደክምሽና ለምን እንደደከመሽ ሳታውቂ ስትቀሪ፣ ቀኑን ሙሉ ከማያውቁሽ ሰዎች ድምፅ በላይ ስትናገሪ መዋልሽን አስቢው።

ቨርጂኒያ ያለችው የአክስታችን ልጅም እንዳንቺው ናት። እሷ ደግሞ ምክንያት አላት፤ ልጆቿ አማርኛ እንዲለምዱ ብላ ከአገር ቤት የሚመጣውን ጣቢያ ከፍታ ትውላለች። በዚያው በሲያትል ፓትሪሺያ ኩል የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ነገርኳት። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን ለ12 ጊዜ የቻይናን ማንዳሪን አሰሟቸው። ሰው ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ በማንዳሪን ያነበበላቸውና ያጫወታቸው የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ። ያንኑ በቴሌቪዥን የተከታተሉት ምንም አልያዙም። ልጅ አፉን የሚፈታው በሰው አፍ ነው። አማርኛ እንዲችሉላት ከፈለገች ራሷ ታውራቸው፤ በመኪና ስትወስዳቸው፣ ገላቸውን ስታጥብ፣ እንጀራ ስታቀርብ።

ለምን እንደምትከፍቺው አውቃለሁ፤ አትሸማቀቂ። የመጀመሪያ ልጄን ኮተቤ በተከራየነው ቤት ሳሳድግ ባለቤቴ መስክ ወጥቶ ሳምንት ይቆይ ነበር። ቀኑ አያልቅም። ቴሌቪዥኑን የምከፍተው ላየው ሳይሆን ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስለኝ ነበር። ልጄ ሁለት ዓመት ሞልቷት የምትናገረው ቃል በጣት የሚቆጠር ሆነ። ሐኪም ዘንድ ስወስዳት መጀመሪያ የተጠየቅኩት «ጆሮዋ ታይቷል?» ሁለተኛው «ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ስንት ሰዓት ይከፈታል?» ነበር። ሁለተኛውን ለመመለስ አፈርኩ። ቴሌቪዥኑ ብቻውን አዘገያት ብዬ አልምልም፤ ልጅ ሁሉ እኩል አይናገርም። ግን ያን ሁሉ ቀን አጠገቧ ሆኜ ከእሷ ጋር ሳላወራ መዋሌን አውቃለሁ፤ ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለዚህ ነው እዚህ ቆሜ የምለፈልፍብሽ።

ስዘጋው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጆሮዬ ጭው አለብኝ። ቤቱ ሰፋብኝ፤ ለቅሶም መጣብኝ። አንቺም እንዲህ ይሰማሽ ይሆናል፤ ያኔ ደውዪልኝ እንጂ ሪሞቱን አታንሺው። በአራተኛው ቀን ይሁን በአምስተኛው፣ ሳላስበው ለልጄ የምስር ጠጠር እየለቀምኩ ማውራት ጀመርኩ። «ይሄ ጠጠር ነው፤ ይሄ ምስር ነው፤ ይሄስ?»

ምን ላውራው አትበዪኝ። የምትሠሪውን ንገሪው። ሽንኩርት እየላጥሽ ከሆነ ሽንኩርት ዓይን ያቃጥላል በዪው። ካልሲውን ስታጠልቂለት አንድ እግር፣ ሁለተኛው የት ሄደ በዪው። ከዚያ ዝም በዪና ጠብቂው። ይህን አትርሺ፤ ሕፃን ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። «ባ» ካለ መለሰ ማለት ነው፤ አንቺም መልሺለት።

ሠራተኛሽንም ስታስቢ ልጅቷ ብቸኛ መሆኗን አትርሺ። ከቤተሰቧ ርቃ የመጣች ናት፤ ድራማዋ ጓደኛዋ ነው። ዝም ብለሽ ብትከለክያት አንቺ ስትወጪ ትከፍተዋለች፤ አልፈርድባትም። ማሙሽ ሲተኛ ድራማዋን በሯን ዘግታ ትይ። ሲነቃ ግን ታጫውተው፤ በአማርኛ ማውራት ካሳፈራት በራሷ በሀዲይኛ ታውራው። ልጁ ሁለት ቋንቋ ቢሰማ ምን ቸገረሽ? ትርፍ ነው።

ባልሽ የምሽቱን የ2 ሰዓት ዜና ይይ፤ ኳሱንም ይይ። እኔ ቴሌቪዥን ጠላሁ አላልኩም። ልጅ ሆነን ጎረቤት ቤት ጫማችንን በር ላይ አውልቀን አባባ ተስፋዬን ለማየት ስንጋፋ የነበረውን ጊዜ አንቺ አልደረሽበትም። ያኔ ቴሌቪዥኑ ሲያልቅ ይዘጋል፤ ዳንቴሉን ይለብሳል፤ እኛም የሰማነውን ተረት እየተጨቃጨቅን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ዲሹ ከመጣ ወዲህ ማለቂያ የለውም፤ ስለዚህ ማብቂያውን አንቺ ነሽ የምታበጂለት። ለሚታይ ነገር ይከፈት፤ ሲያበቃ ይዘጋ። ምግብ ሲበላ ይዘጋ። ድምፁን ቀንሼ ልተወው ካልሽ፣ ብልጭ ድርግም የሚለው ምስል ዓይኑን መጥራቱን አይተውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በማሙሽ ዕድሜ ላሉ ልጆች ስክሪን ጭራሽ አይመከርም፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው እንኳ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ። ጸጥ ባለ ቤት ስሙን ጠርተሽው የማይዞር ከሆነ፣ ወይም ድምፅ ማውጣቱን ከተወ፣ «ቴሌቪዥኑ ነው» ብለሽ አትቀመጪ። ጆሮውን አሳዪው፤ ሐኪም ይየው። ዛሬ ስጠራው ግን ዞሯል፤ ደህና ነው።

ወጡ ደርሷል መሰለኝ፤ ነጭ ሽንኩርቱን ጨምሪበት። ዛሬ አልሄድም፤ እዚህ ነው የማድረው። ከዜናው በኋላ ዝጉትና እማዬ አጠገብ ቁጭ እንበል። ያቺ በቅሎ ወንዙን ተሻግራ እንደሆነ ጠይቂያት።