የፍላንጅ ቁጥር ግፊት አይደለም፦ ለእንፋሎት መስመር ፍላንጅ ስንመርጥ

መግቢያ

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝ ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት አንድ ፋብሪካ ያየሁት ነገር ነው። ከቦይለሩ በሚወጣው ዋና የእንፋሎት መስመር ላይ አንድ ፍላንጅ መለወጥ ነበረበት። ጌጁ ሲታይ 10 ባር ይላል። ስቶር ውስጥ ደግሞ ክላስ 150 የሚል ፍላንጅ ተገኘ። «150 ለ10 ባር ይበዛል እንጂ አያንስም» ተባለና ተገጠመ። እውነቱን ለመናገር እኔም ያኔ ብጠየቅ ያንኑ ነበር የምመርጠው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያው ማፏጨት ጀመረ። ፉጨቱ ይሰማል እንጂ የሚወጣው እንፋሎት አይታይም ነበር፤ በጣም የጋለ እንፋሎት ነጭ ሆኖ የሚታየው ርቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ነውና። የጥገና ክፍሉ አንጋፋ ቴክኒሻን ሁላችንንም አራቁንና መስመሩ ተዘጋ። ሰው አልተጎዳም። «ልጄ፣ ይሄ መስመር እኮ 350 ዲግሪ ነው፤ ሰንጠረዡን ያየ ሰው አለ?» አሉኝ። ማንም አላየም ነበር። ለማፍሰሱ ሌላ ምክንያትም ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል፤ ምርጫው ግን ከመነሻው ስህተት ነበር።

ቁጥሩ ምን ይነግረናል?

ኤኤስኤምኢ ቢ16.5 የተባለው ስታንዳርድ ፍላንጆችን በሰባት ክላስ ይከፍላል፦ 150፣ 300፣ 400፣ 600፣ 900፣ 1500 እና 2500። እነዚህ ቁጥሮች መጠሪያ ናቸው። ባርም ሆነ ሌላ የግፊት መለኪያ ተደርገው መነበብ የለባቸውም። ፍላንጁ የሚችለው ግፊት የሚወሰነው በክላሱ፣ በተሠራበት ብረትና በሙቀቱ ነው። ብረት ሲግል ይደክማልና ሙቀት በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ግፊት ይቀንሳል። ኤ105 ከሚባለው ካርቦን ስቲል የተሠራ የክላስ 150 ፍላንጅ የሚፈቀድለት ግፊት እንደሚከተለው ነው፦

በ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፦ 19.6 ባር
በ200 ዲግሪ፦ 13.8 ባር
በ300 ዲግሪ፦ 10.2 ባር
በ350 ዲግሪ፦ 8.4 ባር
በ400 ዲግሪ፦ 6.5 ባር

አንድ ግፊት፣ ሁለት እንፋሎት

በጌጅ 10 ባር የሆነ ሳቹሬትድ እንፋሎት ሙቀቱ 184 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ ሙቀት ክላስ 150 እስከ 14.4 ባር ገደማ ስለሚፈቀድለት ይበቃል። ያው 10 ባር እንፋሎት ሱፐርሂትድ ሆኖ 300 ዲግሪ ቢደርስ ግን ፍላንጁ ጠርዝ ላይ ነው፤ 350 ሲደርስ ከሚፈቀደው አልፏል። ክላስ 300 ቢሆን በ350 ዲግሪ 37.6 ባር ይፈቀድለታል። በፋብሪካው ያየነው ስህተት ይኸው ነው፤ ጌጁ ግፊቱን ነገረን፣ ሙቀቱን ግን የጠየቀ አልነበረም።

የአመራረጥ ቅደም ተከተል

1. የዲዛይን ግፊቱን እንያዝ። ይህ ጌጁ ዛሬ የሚያሳየው ግፊት አይደለም። መስመሩን የሚጠብቀው ሴፍቲ ቫልቭ የሚከፈትበትን ግፊት ማወቅ አለብን፤ የዲዛይን ግፊቱ ከዚያ ማነስ የለበትም።
2. መስመሩ ሊደርስበት የሚችለውን ከፍተኛ ሙቀት እንወቅ።
3. ብረቱን እንለይ። ካርቦን ስቲል ከ425 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ውስጡ ያለው ካርቦን ወደ ግራፋይት እየተለወጠ ብረቱን ያዳክመዋል። ለእንዲህ ያለ መስመር ክሮምና ሞሊብዲነም ያለው ብረት ይመረጣል።
4. ከሰንጠረዡ የሚፈቀደውን ግፊት እናንብብ። ሙቀቱ በሁለት ቁጥሮች መካከል ከዋለ ኢንተርፖሌት እናድርግ።
5. ቡሎኑን፣ ጋስኬቱንና ቫልቩንም እንመልከት። መስመሩ የሚችለው ከሁሉም ደካማው አካል የሚችለውን ያህል ብቻ ነው።

ሁለት ስታንዳርድ ሲደባለቅ

በአገራችን ፋብሪካዎች ከተለያዩ አገሮች የመጡ ማሽኖች ጎን ለጎን ስለሚሠሩ፣ ፒኤን 16 የሚል የአውሮፓ ፍላንጅና ክላስ 150 የሚል የአሜሪካ ፍላንጅ በአንድ ስቶር ሊገኙ ይችላሉ። በ4 ኢንች ሁለቱም ስምንት ቀዳዳ ስላላቸው ለዓይን መንታ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ የቡሎን ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትር በክላስ 150 190.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን በፒኤን 16 180 ሚሊ ሜትር ነው። ቀዳዳ አስፍቶ ወይም ቡሎን አጣሞ ማስገባት መፍትሔ አይደለም፤ ጋስኬቱ እኩል አይጨመቅም። የፒኤን ቁጥርም ቢሆን ለቀዝቃዛ ሁኔታ የተሰጠ ነው፤ ሙቀት ሲጨምር የሚፈቀደው ግፊት ስለሚወርድ ለእሱም የራሱ ሰንጠረዥ አለው።

ማጠቃለያ

በክፍል ውስጥ የእንፋሎት ሰንጠረዥ ማንበብ ተምረናል፤ የፍላንጁን ሰንጠረዥ አብሮ የማንበብ ልማድ ግን ገና የለንም። ሁለቱ ሰንጠረዦች ጎን ለጎን ቢነበቡ ኖሮ ያ ፍላንጅ ከስቶር ባልወጣ ነበር። እናም ነገ ወደ ሥራ ስንሰማራ፣ አንድ ሰው «ፍላንጁ 10 ባር ይችላል?» ብሎ ቢጠይቀን፣ ከመመለሳችን በፊት «በስንት ዲግሪ?» ብለን እንጠይቀው። መልካም ጥናት!