ባንክ ቢያልፍ ዕዳ አያልፍም

ባንክ ሲፈርስ ዕዳውም የሚፈርስ የሚመስለው ነጋዴ አይጠፋም፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲጠቃለል ብድሩና የቤት መያዣው አብሮ ተላልፏል። ሆኖም ተረካቢው ከቀድሞው አበዳሪ የበለጠ መብት የለውም።

ስለዚህ በኩታበርም ሆነ በደሴ ቤቱን ያስያዘ ነጋዴ፥ ለፊተኛው ባንክ የከፈለበትን ደረሰኝ ጠብቆ ክፍያው ከዕዳው መቀነሱን በጽሑፍ ያረጋግጥ። በፍትሐ ብሔር ሕግ የመያዣ ምዝገባ ካልታደሰ የሚጸናው ለ10 ዓመት ስለ ሆነ የተመዘገበበትን ቀን ይመርምር።

አዋጅ ቁጥር 97/1990 በውል የተፈቀደለት ባንክ ቤቱን በሐራጅ እንዲሸጥ ቢፈቅድም፥ አስቀድሞ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሊሰጥ ይገባዋል። እነዚህ ቀኖች ሒሳብ የሚተሳሰቡባቸው ናቸው፤ ከሐራጅ በኋላ የተገኘ ደረሰኝ ቤት ለማስመለስ ይቸግረዋልና።