የሕፃን ብርድ ልብስ አሰፋፍ፤ ለጀማሪዎች

ከስፌት ሥራዎች ሁሉ ለጀማሪ የሚቀለው የሕፃን ብርድ ልብስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እጅጌ የለው፤ አንገት የለው፤ ቍልፍ የለው፤ አራት ቀጥተኛ ጠርዝ ብቻ ነው። ነገር ግን ትልቅ ሰው ልብሱ ቢኮሰኩሰው «ይኮሰኩሰኛል» ብሎ ልብስ ሰፊውን ይወቅሳል፤ ሕፃን ግን ከማልቀስ በቀር የሚናገርበት አፍ የለውም። ስለዚህ የሚሰፋለት ሰው በእርሱ ፈንታ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

አንዳንድ ወንዶች ጓደኞቼ ስፌት የሴት ሥራ ብቻ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በገበያ መኪና ዘርግተው የሚሰፉትን ብንመለከት ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። እንግዲህ ትምህርቱ ለሁላችንም ነው።

1ኛ፤ የጨርቅ ምርጫ። ለፊቱ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ 1 ሜትር በ1 ሜትር፤ ለገበሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ታጥቦ የለሰለሰ፤ ነገር ግን ያልተቀደደ አሮጌ ጋቢ ይበቃል። ጋቢ አራት ድርብ ስለ ሆነ፤ ጠርዙ ተተርትሮ ሁለቱ ድርብ ብቻ ቢወሰድ ብርድ ልብሱ አይከብድም። የሚያብረቀርቅ ናይሎን ለዐይን ቢያምርም ላብ አይጠጣም፤ ጥጥ ግን ይጠጣል።

2ኛ፤ አጠባ። አዲሱ ጨርቅ ከመቈረጡ በፊት በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ ሲደርቅም በካውያ ይተኰስ። ምክንያቱም በሽመና ጊዜ ክሮቹ ተወጥረው ይቈያሉ፤ ውሃ ሲነካቸው ግን ላላ ብለው ያጥራሉ። ጋቢው ብዙ ጊዜ ስለ ታጠበ የሚያጥረውን ያህል አጥሯል። አዲሱ ጨርቅ ሳይታጠብ ከተሰፋ ግን በመጀመሪያው አጠባ ብቻውን ይሰበሰብና ብርድ ልብሱን ያጨማድደዋል።

3ኛ፤ ልክና አቈራረጥ። ከሁለቱም ጨርቅ 90 በ90 ሳንቲ ሜትር ይቈረጣል። ከጨርቁ ላይ አንድ ክር ቢመዘዝ የክሩ ፈለግ መቀሱን በቀጥታ ይመራዋል። ማእዘኖቹ ትክክል መሆናቸውን ለማወቅ ጨርቁን ከማእዘን ወደ ማእዘን በሰያፍ እንለካለን፤ በጂኦሜትሪ ክፍል በተማርነው በፓይታጎረስ ሕግ መሠረት ሁለቱም ሰያፎች ወደ 127 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። አንዱ ከሌላው ከበለጠ ጨርቁ ተንጋዷል ማለት ነው። «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቍረጥ» የሚባለው ስለዚህ ነው።

4ኛ፤ ስፌት። የአዲሱ ጨርቅ ፊት ወደ ውስጥ ሆኖ ሁለቱ ይደራረቡና በስፒል ይያዛሉ፤ ስፒሎቹም አስቀድመው ይቈጠሩ። ከጠርዙ 1.5 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ዙሪያው ይሰፋል፤ ነገር ግን በአንዱ ጐን 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይተዋል። መኪና የሌለው ሰው በእጁ ሊሰፋ ይችላል። መርፌዋ አንድ እርምጃ ከሄደች በኋላ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየተመለሰች ብትወጋ፤ አንዱ ክር ቢበጠስ እንኳ ስፌቱ ቶሎ አይተረተርም። ከዚያ የማእዘኖቹ ጫፍ ስፌቱ ሳይነካ ተቈርጦ፤ ብርድ ልብሱ በክፍቱ በኩል ይገለበጣል። ክፍቱ በእጅ ከተዘጋ በኋላ፤ ከዳር 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ዙሪያው እንደ ገና ይሰፋል። አሁን እያንዳንዱ ጐን 87 ሳንቲ ሜትር ሆኗል። ገበሩ ውስጥ ለውስጥ እንዳይንሸራተት በየ20 ሳንቲ ሜትሩ፤ በአራት ረድፍ 16 ቦታ ላይ በክር ይያዝ፤ ቋጠሮውም በሁለቱ ጨርቆች መካከል ይደበቅ። እኔ ለአክስቴ ልጅ በእጄ በሰፋሁ ጊዜ ሥራው ሦስት ከሰዓት በኋላ ፈጅቶብኛል።

5ኛ፤ ፍተሻ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። ስፒሎቹ 20 ከነበሩ 20 ሆነው ወደ ሣጥናቸው ይመለሱ። የተንጠለጠለ ክር ሁሉ ይቈረጥ፤ አንድ ቀጭን ክር በሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም እንዳይዘዋወር ሊያግድ ይችላልና። ቍልፍ፤ ዶቃና ሪባን አይጨመርበት፤ ተነቅሎ ወደ አፍ ይገባል ወይም በአንገት ይጠመጠማል። በመጨረሻም ብርድ ልብሱን በጕንጫችን ላይ እናሻሸው፤ እኛን የኮሰኮሰን ሕፃኑን አብልጦ ይኮሰኩሰዋል።

ስለ አጠቃቀሙም ለወላጆች አንድ ቃል ልጨምር። አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ የጧቱ ብርድ ብርቱ ስለ ሆነ፤ ሕፃኑን አቅፎ ለመውጣት ይህ ብርድ ልብስ ይጠቅማል። ነገር ግን ፊቱን መሸፈን አይገባም። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሲተኛ ደግሞ አፍንጫውን ሊሸፍነው ስለሚችል፤ ልል ብርድ ልብስ በላዩ ተጥሎ እንዳይተው፤ በጀርባውም እንዲተኛ ሐኪሞች ይመክራሉ።

እንግዲህ ጓደኞቼ፤ በቤታችሁ አሮጌ ጋቢ፤ በጎረቤታችሁም የምትወልድ እናት ካለች ዛሬውኑ ጀምሩ። ስፌታችሁ ትንሽ ቢጣመም ሕፃኑ አይታዘባችሁም፤ መርፌ ብትረሱበት ግን ይጐዳል። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለው፤ ቀጥታ መስፋት በልምድ ይመጣል፤ ጥንቃቄ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስፈልጋል።