በትናንሽ የጦር አይሮፕላኖች ላይ ስለሚለጠፉ ምልክቶች

ከፕላስቲክ ተገጣጥሞ የሚሠራ የትንሽ አይሮፕላን ሣጥን በተከፈተ ጊዜ፣ ከክንፉና ከጎማው ጋር አንዲት ቀጭን ወረቀት ትገኛለች። በወረቀቲቱም ላይ የአገር ምልክት፣ ቁጥርና ፊደል ታትሞ ይታያል። ፈረንጆች ዴካል የሚሉትን ይህን ተለጣፊ ምልክት ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ብቻ ይቆጥረዋል። እኛ ግን ከሣጥኑ ውስጥ ዋናው የታሪክ ማስረጃ እርሱ ነው እንላለን። ፕላስቲኩ የሚነግረን የአይሮፕላኑን ዓይነት ነው፤ ለማን እንደ ተዋጋ፣ የትና በየትኛው ዓመት እንደ በረረ የሚናገረው ምልክቱ ነው። ስለዚህም ሐሰት ሲገባ የሚገባው በዚሁ በኩል ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን የአለጣጠፉን ዘዴ እንመልከት። በወረቀቱ ላይ በውሃ የሚሟሟ ሙጫ ተቀብቷል፤ በሙጫው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን አለ፤ ቀለሙም የታተመው በዚህ ሽፋን ላይ ነው። ምልክቱ በመቀስ ተቆርጦ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሴኮንድ ይነከራል። ከዚያም በወረንጦ አውጥተን አንድ ደቂቃ ያህል ብንጠብቅ፣ ሙጫው ስለሚለሰልስ በጣት ሲገፉት ከወረቀቱ ይንሸራተታል። ውሃው ውስጥ ራሱ እስኪላቀቅ ድረስ መተው ግን ሙጫውን አጥቦ ይወስደዋል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚያማርሩት ምልክቱ ከደረቀ በኋላ ዙሪያው እንደ ብር ስለሚያብለጨልጭ ነው። የጦር አይሮፕላን ቀለም ብዙውን ጊዜ የማያብረቀርቅ ስለሆነ፣ ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም ገጹ ሻካራ ነው። በጥቃቅን ጎድጓዶቹ ውስጥ የታፈነው አየር ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ብር የሚመስለውም ይኸው ነው። መድኃኒቱ ከመለጠፍ በፊት የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ቀብቶ ማድረቅ ነው። የሽፋኑም ውፍረት ቀላል ነገር አይደለም። በ1/72 መጠን በተሠራ አይሮፕላን ላይ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር የሚወፍር ሽፋን ብንለጥፍ፣ በእውነተኛው አይሮፕላን ላይ ከ7 ሚሊሜትር በላይ የሚወፍር ሰሌዳ እንደ መለጠፍ ይሆናል። ስለዚህ ከቀለሙ ዙሪያ ያለውን ባዶ ሽፋን አስጠግቶ መቁረጥና፣ ለዚሁ ሥራ በሚሸጠው ማለስለሻ ፈሳሽ ምልክቱን ከገጹ ጋር ማጣበቅ ያስፈልጋል።

እጅ ይህን ከለመደ በኋላ የሚቀረው የዕውቀት ሥራ ነው። የአገር ምልክት በጦርነት ጊዜ ይለዋወጣልና። ለምሳሌ የአሜሪካ አይሮፕላኖች በነጩ ኮከብ መካከል ቀይ ነጥብ ነበራቸው። የጃፓን ምልክት ቀይ ክብ ስለሆነ፣ ተኳሾች እንዳይሳሳቱ ነጥቡ በሜይ 1942 ተሰረዘ። እንግዲህ ቀይ ነጥብ ያለበትን አይሮፕላን በ1944 ኖርማንዲ ላይ ያበረረ ሠሪ፣ ሥራው የቱን ያህል ቢያምር፣ ያልነበረ ነገር ሠርቷል።

ከሁሉ ይልቅ ክርክር የሚያስነሳው የፊንላንድ ምልክት ነው። ፊንላንድ ከአሜሪካ የገዛችውን ብሩስተር 239 የተባለ ተዋጊ አይሮፕላን የሚሠራ ሰው፣ በነጭ ክብ ውስጥ ሰማያዊ ስዋስቲካ ሲያገኝ ይደነግጣል፤ የሂትለር ይመስለዋልና። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በማርች 1918 ካውንት ኤሪክ ፎን ሮሰን የተባሉ ስዊድናዊ፣ በፊንላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ለነጩ ወገን አንድ አይሮፕላን በስጦታ ሲያበረክቱ፣ የመልካም ዕድል ምልክታቸውን ሰማያዊ ስዋስቲካ አስቀብተውበት ነበር። አየር ኃይሉም ያንኑ ወሰደ። የናዚ ፓርቲ ስዋስቲካን የያዘው በ1920 ነው። ይሁን እንጂ ሰውየውን ፈጽሞ ንጹሕ ማድረግ አይገባም፤ እርሳቸውና ሄርማን ጎሪንግ እኅትማማቾችን ያገቡ ሲሆኑ፣ በኋላም በ1930ዎቹ ወደ ናዚዎች አዘንብለዋል።

የፎን ሮሰን ስም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኤሪክ ልጅ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮሰን በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ከስዊድን ቀይ መስቀል ጋር መጥተው በኢትዮጵያ ሰማይ የበረሩ፣ በ1940 ለፊንላንድ በፈቃደኝነት ሲዘምቱ አባታቸው ባስገቡት ምልክት ሥር የተዋጉ፣ ከጦርነቱ በኋላም በቢሾፍቱ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል እስከ 1956 የመሩ ሰው ናቸው። የሞቱትም በ1977፣ በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ፣ ጎዴ ላይ ነው።

ሁለቱን ምልክቶች መለየት አያስቸግርም። የፊንላንዱ ሰማያዊ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቦታውም ክንፉና ጎኑ ነው። የጀርመኑ ግን ጋደል ብሎ በጅራቱ ላይ ይገኛል፤ በክንፍና በጎን ላይ ያለው ጥቁር መስቀል ነው። ከጁን 1941 ጀምሮ ፊንላንድ ከጀርመን ጎን ሆና ሶቪየት ኅብረትን ስትወጋ፣ አይሮፕላኖቿ በጎናቸው ዙሪያ ብጫ መቀነት ታጠቁ። በሴፕቴምበር 1944 ከሶቪየት ኅብረት ጋር የጦር ማቆም ውል ስትፈርም ብጫው ተነሣ፤ ሰማያዊው ስዋስቲካ ግን ቀረ። በኦክቶበርም እነዚሁ ብሩስተሮች የጀርመን ቦምብ ጣይ አይሮፕላኖችን መትተው ጣሉ። ስዋስቲካ የተቀባበት አይሮፕላን ስዋስቲካ የተቀባበትን ሲጥል ማለት ነው! ፊንላንድ ምልክቷን በነጭና ሰማያዊ ክብ የለወጠችው በኤፕሪል 1945 ነው።

በጀርመን አገር የናዚን ምልክት በአደባባይ ማሳየት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ብዙ አምራቾች ስዋስቲካውን ከወረቀቱ ያስቀሩታል፤ ወይም ለሁለት ከፍለው ያትሙታል። የሕጉ ምክንያት ይገባናል። ሕጉ በሌለበት አገር ግን ሠሪው በገዛ እጁ ሲያስቀረው አንደግፍም። ምልክቱ የተፋቀለት ሜሰርሽሚት ለማን ይዋጋ እንደ ነበረ የማይታወቅ ቆንጆ መኪና ሆኖ ይቀራል፤ ይህም ለናዚዎች የተደረገ ቸርነት ነው። ይልቅስ ምልክቱን ለጥፎ፣ ከሥሩ አገሩንና ዓመቱን በግልጽ መጻፍ ይሻላል።

ለማስረጃም በሣጥኑ ላይ በተሣለው ሥዕል መተማመን አይገባም። ፎቶግራፍ ይበልጣል፤ እርሱም ቢሆን በጥንቃቄ ይታይ። ለቀይ ብርሃን የማይነቃ የድሮ ፊልም ቀዩንና ብጫውን አጥቁሮ ስለሚያሳይ፣ ብጫውን መቀነት ጥቁር ነው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ለብሩስተር ግን የተሻለ ምስክር አለ። በ1942 ሐይቅ ውስጥ የወደቀው ቢ ደብልዩ 372 በ1998 ከውሃ ወጥቶ፣ ሳይታደስ ከነጦርነቱ ቀለም በፊንላንድ ሙዚየም ተቀምጧል።

ለሁለት የተከፈለውን ምልክት የሚለጥፍ ሰው መጀመሪያ አንዱን ግማሽ ያድርቅ፤ ከዚያ ሁለተኛውን በእርጥብ ብሩሽ ገፋ እያደረገ ያስጠጋ። በመካከል የቀረችውን ክፍተት በቀጭን ብሩሽ ቀለም ይሙላት። አንድ ቀን ካሳደረ በኋላ የሙጫውን ርዝራዥ በእርጥብ ጥጥ ጠርጎ፣ በመጨረሻ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይቀባበት።