ገበጣ እንጫወት
ዛሬ ስለ ገበጣ አጨዋወት ልንገራችሁ።

ገበጣ የሁለት ሰው ጨዋታ ነው። እኛ ሰፈር መሬት ላይ በ2 ረድፍ 6፣ 6 ጉድጓድ እንቆፍራለን። በያንዳንዱ 4 ጠጠር ሲገባ 48 ይሆናል። ባለተራው ከራሱ ረድፍ የአንዱን ጉድጓድ ጠጠር ያነሳና ወደ ቀኝ አንድ አንድ እያደረገ ያድላል። የመጨረሻው ጠጠር ያረፈበት ባዶ ከሆነ ተራው ያልፋል፤ ጠጠር ካለበት አንስቶ ይቀጥላል። 3 ያለበት ላይ አርፎ 4 ካደረገው ግን 4ቱን ይበላል። ከ24 በላይ የበላ አሸነፈ።

እኔ መጀመሪያ ብዙ ጠጠር ያለበትን ዝም ብዬ አነሳ ነበር። ክረምት መርሳ ስሄድ አያቴ ሦስቴ አሸነፈችኝ። ዓይኗ በደንብ አያይም፤ በጣቷ እየዳሰሰች ነው የምትቆጥረው። አንዴ 1 ጠጠር ደበቅሁባት። ዳሰሰችና «47 ነው» አለችኝ። በጣም አፈርኩ። መልሼ አስገባሁ። ከዚያ «ሳታነሳ ቁጠር» ብላ አስተማረችኝ። 5 ጠጠር ብታነሱ የመጨረሻው 5ኛው ጉድጓድ ላይ ያርፋል። እዚያ 3 ካለ በላችሁ ማለት ነው፤ ባዶ ከሆነ ሌላ ምረጡ።

የገበጣ ዘመዶች በሌላ አገርም አሉ፤ በጋና ኦዋሬ፣ በታንዛኒያ ባኦ ይባላሉ።

አያቴን እስካሁን አላሸነፍኳትም፤ ለእረፍት ስሄድ እንደገና እገጥማታለሁ። እናንተም ቁጠሩ፣ አታጭበርብሩ። ቸር ይግጠመን!